የማር ወንድም

ሚስኪ ያን ቀን ስቴጅ ላይ ማይክ ይዛ እንደዛ ያለቀሰችው ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ውሸቷን ልንገራችሁ። ትልቅ ውሸት እንዳይመስላችሁ ደሞ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን፣ ገና ሳንሳፈር፣ «እየደረስኩ ነው» እንደምንላት አይነት ናት። ማንንም የማትጎዳ የምትመስል ትንሽዬ ነገር።

«ሐሩን እኮ ለኔ እንደ ወንድሜ ነው፣ አባዬ።»

ይቺው ናት በቃ።

ሐሩን ከዛንዚባር በኤክስቼንጅ መጥቶ፣ ቦሌ እነሚስኪ ኮሌጅ ዓመቱን ሙሉ የተማረ ልጅ ነው። ቁመቱ ረዘም፣ ድምፁ ቀስ ያለ፣ ሊስቅ ሲል አይኑ የሚቀድመው። ኮሌጁ ከውጭ ለሚመጡት ተማሪዎች ጁምዓንም እሁድንም በዓልንም አብረው የሚያሳልፉት ቤተሰብ ይፈልግላቸዋል። የሚስኪ አባት ጋሽ አብዱልሰላም ደሞ መገናኛ መጋረጃና ብርድ ልብስ የሚሸጡ የወሎ ሰው ናቸው፤ እንግዳ ከሌለ ምሳ አይጥማቸውም። ልጁ አባቱን ገና በልጅነቱ እንዳጣ ሲነገራቸው ሌላ ነገር አልጠየቁም። «የኛ ነው» ብለው ወጡ። እናቷ እትዬ ሐቢባማ ብዙም ሳይቆዩ የሱ ብቻ የሆነ መከዳ ሰፉለት። ጎረቤት ሊቀመጥበት ሲል «እሱ የሐሩን ነው» ብለው ያስነሱ ነበር፣ አስቡት።

ችግሩ ቋንቋው ነው። ሐሩን አማርኛ አይችልም፣ ወላጆቿ እንግሊዝኛ አይችሉም፣ ስለዚህ እዛ ቤት የሚባለው ነገር ሁሉ በሚስኪ አፍ ነው የሚያልፈው። እንግዲህ አንድ ልጅ የሚናገረውን ሁሉ መጀመሪያ አንቺ ሰምተሽ፣ አጣጥመሽ፣ ከዛ ለሌላ ሰው የምታቀብዪ ከሆነ ልብሽ እንዴት ብሎ ነው አርፎ የሚቀመጠው? አንድ ጁምዓ ሐሩን እየበላ ረጅም ነገር አወራ። ለእናትሽ ምግባቸው በጣም ይጣፍጣል በያቸው፣ ደሞ ልጅዎ ዛሬ ያደረገችው አረንጓዴ ሻርፕ መብላቱንም ያስረሳል በያቸው አላት።

«ይጣፍጣል ይላል» አለች ሚስኪ።

እትዬ ሐቢባ ልጃቸውን አየት አደረጓት። «ያን ሁሉ አውርቶ ይቺን ብቻ ነው ያለው?»

«እ… በጣም ይጣፍጣል ነው ያለው።»

ሐሩን አማርኛው ባይገባውም የጎደለው ነገር እንዳለ ገብቶታል፤ አንገቱን ደፍቶ ሳቁን በጉርሻ ዋጠው። ሚስኪ ውሃ ላምጣ ብላ ኩሽና ገባችና በቀዝቃዛው ብርጭቆ ጉንጯን ስታበርድ ቆየች። ደስታ እንዲህ ያቃጥላል ብሎ ማንም አልነገራትም ነበር።

እና አረፋ ደረሰ። የኮሌጁ በጎ አድራጎት ክበብ በበዓሉ ለሚ ኩራ ሊሄድ ሆነ። ጧሪ ለሌላቸው አዛውንቶች ዝናቡ ሳይገባ ጣሪያ መድፈን፣ ግድግዳ መቀባት፣ ለሙስሊሞቹ ደሞ የአረፋ ስጋ ማድረስ። ጋሽ አብዱልሰላም ልጃቸው ከወንዶች ጋር ቀኑን ሙሉ እንድትውል አልፈለጉም። ክፉ ሆነው አይደለም። አንድ ልጅ ናት ያለቻቸው፣ እሷም ሴት ናት፣ ሰው ምን ይላል የሚባለው ነገር ደሞ እሳቸው ጋ እንደ ልብ በሽታ ነው። ያኔ ነው ሚስኪ ያቺን ቃል የተናገረችው።

አባቷ ቀና ብለው አዩዋት። ከዛ ፊታቸው በራ። እንዲህ ነው እንጂ፣ ሂጂ በቃ አሉ፤ ሱቅ ሲወጡም በራቸው ላይ ቆመው መልሰው አዩዋት። ሚስኪ መፈቀዱ ደስ ቢላትም የአባቷ ደስታ ግን ትንሽ በዛባት። ያልጠየቁትን ስጦታ የሰጠቻቸው አይነት ስሜት ተሰማት።

የሐሩን ነገር እኮ ግን። ለሚ ኩራ እንደደረሱ በሁለት እጁ ስጋ የያዘ ፌስታል አንጠልጥሎ የመጀመሪያውን በር አንኳኳ። የከፈቱት እማማ አሰገደች ናቸው። አንገታቸው ላይ ማተብ አለ፣ ግድግዳው ላይ ማርያም አለች፣ እሱ ግን ምኑንም ሳያይ ፌስታሉን ዘረጋላቸው። የሚስኪ የልብ ጓደኛ አለም ከኋላ እየሮጠች መጥታ ክርስቲያን ናቸው፣ የእስላም ስጋ አይበሉም ብላ በእንግሊዝኛ ስታንሾካሹክለት ፌስታሉን ከጀርባው ደበቀ፤ የሰረቀው ነገር ነው የሚመስለው። እማማ አሰገደች እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ስጋውን ከጎን ላሉት ለነሐጂ ስጥ፣ የኔ ልጅ። እኔ ጋ ግን ግድግዳ አለ። ግድግዳ ሃይማኖት የለውም።»

ሰማያዊ ቀቡት። ሐሩን ከላይ፣ ሚስኪ ከታች፣ አለም መሃል ላይ ሆና እንደ ትራፊክ ፖሊስ «አንተ ወደዛ፣ አንቺ ወደዚህ» እያለች። አለም ለነገሩ ሁሉንም ታውቃለች፣ እነሱ ሳያውቁት በፊት ነው ያወቀችው። እማማ አሰገደች ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ብዙ ሲያዩዋቸው ቆዩና ሚስኪን ባልሽ ነው ወይ ብለው ጠየቋት።

«ወንድሜ ነው» አለች፤ አፏ ለምዶት።

«እንዲህ የሚተያይ ወንድምና እህት አላየሁም» አሉና ወደ መንገዱ ዞሩ። አለም አፏን አፍና ወጣች።

ሐሩን ምን እንዳሉ ጠየቃት። ሚስኪ ነገረችው፣ አንድም ቃል ሳትቆርጥ። ብሩሹን ባልዲው ላይ አስቀመጠ። በዛ ቀስ ባለ ድምፁ፣ ሄጄ ትምህርቴን እጨርሳለሁ፣ በሚመጣው አረፋ እናቴንና አጎቴን ይዤ መጥቼ አባትሽን በወጉ እጠይቃቸዋለሁ፣ እስከዛ ግን እንጀራቸውን እየበላሁ ከጀርባቸው ምንም አላደርግም አላት። ሚስኪ አፍንጫዋ ላይ ቀለም ነክቷት ነበር። ሊጠርግላት እጁን አነሳ፣ መሃል ላይ አሰበና መልሶ አወረደው። ስንት ነገር የምንመኝ ልጆች አለን፣ አበባ ምናምን፤ ሚስኪን የጨረሳት ግን ያ የወረደ እጅ ነው። ሐሩን አገሩ እንደገባ ለእናቷ ቀስ ብላ ልትነግራቸው ወሰነች። እናቷ ደሞ ለአባቷ። ሁሉም ነገር ተራ በተራ፣ በሰላም የሚያልቅ መሰላት።

እና የስንብቱ ቀን መጣ።

ኮሌጁ የባህልና የስንብት ቀን ብሎ ነው የሚያከብረው። አዳራሹ በፊኛ ተሞልቷል፣ ከየአገሩ የመጡት ልጆች የአገራቸውን ለብሰው ጨፈሩ፤ ሐሩን በነጭ ረጅም ቀሚስና በጥልፍ ኮፍያ ሲወጣ ከኋላ ወንበር ያሉት ሴቶች ያወጡትን ድምፅ ባልሰማ ይሻለኝ ነበር ብላለች አለም። ከጭፈራው በኋላ ቤተሰቦች እየወጡ ለልጃቸው ስጦታ ይሰጣሉ። አንዱ ጃኖ አለበሰ፣ አንዷ በርበሬ በጣሳ ሰጠች። መድረኩን የሚመራው ሊባኖስ የሚባል ቀልደኛ ተማሪ ነው። የጋሽ አብዱልሰላም ተራ ሲደርስ «አሁን ደግሞ፣ የመገናኛው ብርድ ልብስ ሊመጣ ነው» አለና አዳራሹን አሳቀው።

ብርድ ልብስ አልመጣም። ጋሽ አብዱልሰላም አዲስ ሸሚዝ ለብሰው ወጡ። ከኋላቸው ከኮምቦልቻ ለዚሁ ብለው በአውቶቡስ የመጡት የአገራቸው ሽማግሌ ሼህ ሱልጣን። ከሳቸው ኋላ ጎረቤታቸው ጋሽ ደቻሳ። መጨረሻ ላይ እትዬ ሐቢባ፣ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ስኒ በሁለት እጃቸው ይዘው። ሊባኖስ ማይኩን ለአስተርጓሚዋ፣ ለሚስኪ ሰጣት።

እናቷ ጨርቁን ሲገልጡት ማር ነው።

ሚስኪ የዛኔ ነው ነገሩ የገባት። ምክንያቱም ታውቀዋለች፤ አያቶቿ አገር አይታዋለች። ሰው ያልወለደውን ልጅ ልጄ ማለት ሲፈልግ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ያጠባዋል፣ ሽማግሌ ይመሰክራል፣ በቃ አለቀ። የጡት ልጅ ይባላል። ከዛ በኋላ እንግድነት የለም። ይወርሳል፣ ይቀብራል፣ የቤቱ ልጆች ወንድሞቹና እህቶቹ ይሆናሉ። እህት ደሞ እህት ናት። ማንም የጡት እህቱን አያገባም፤ የሚያስብ እንኳን የለም።

ጋሽ አብዱልሰላም ሰው ፊት መናገር የለመዱ አይደሉም።

«እኔ አላህ አንዲት ሴት ልጅ ሰጥቶኛል፤ አልሐምዱሊላህ። ግን እኔ ስሞት ከኋላዋ ማን ይቆምላታል እያልኩ ነው የኖርኩት። ይሄ ልጅ አባት የለውም። እሷ ወንድም የላትም። እሷው ራሷ ናት እንደ ወንድሜ ነው ያለችኝ፤ ያን ቀን ወሰንኩ። ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነው፣ የሚስኪ ወንድም ነው። ንገሪው፣ ልጄ።»

አውራ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነክረው ወደ ሐሩን ዘረጉ።

አዳራሹ ውስጥ ስልክ ሁሉ ወደ ላይ ተነሳ። ሐሩን ሚስኪን እያየ ይጠብቃል፣ እንደ ሁልጊዜው፤ እሷ እስክትነግረው ምንም አያውቅም። አስቡት እንግዲህ። ቆርጣ ብትነግረው ትችላለች፤ አባቴ እየመረቀህ ነው፣ ቅመሰው ብትለው በሳቅ ይቀምሰውና ሳያውቅ ወንድሟ ይሆናል። እምቢ በል ብትለው ደሞ አባቷ በዛ ሁሉ ሰው ፊት ጣታቸውን እንደዘረጉ ይቀራሉ፣ ሼህ ሱልጣን ያን ሁሉ መንገድ መጥተው። እኔ እወደዋለሁ ብላ በማይክ ትናገር? ሚስኪ ውስጧ የነበረው አማርኛም እንግሊዝኛም ባንድ ጊዜ ጠፋ። ማሩ ግን አልጠበቃትም፤ ከጣታቸው እየወረደ አዲሱ ሸሚዛቸው እጅጌ ውስጥ መግባት ጀምሮ ነበር።

ማይኩን ከአፏ አራቀችና በእንግሊዝኛ ሁሉንም ነገረችው። ልጄ ልበልህ እያለህ ነው። ይሄን ማር ከጠባህ እውነት እውነት ልጁ ነህ፣ እንደ ጭፈራው ለእይታ አይደለም። እኔም እውነት እውነት እህትህ ነኝ። የሚመጣው አረፋ የለም።

ሐሩን መጀመሪያ ፈገግ ብሎ ነበር የሚያዳምጠው። ፈገግታው ፊቱ ላይ ባለቤት እንደሌለው እቃ ቀረ። እምቢ ብልስ አላት በቀስታ። ሚስኪ አባቷን አየቻቸው። ጋሽ አብዱልሰላም የልጁ አይን እንባ ሲሞላ አይተው በደስታ መስሏቸው እሳቸውም አይናቸው እንባ አቅርሯል። እምቢ የተባለ ሰው አይቼ አላውቅም፣ ምን እንደሚሆን አላውቅም አለችው።

«አንቺ ንገሪኝ» አላት። «አንቺ ያልሽውን ነው የማደርገው።»

ይሄን ባይላት ይሻል ነበር። እሱ ቢወስን ኖሮ ታለቅስ፣ ትቆጣ፣ አንድ ነገር ትሆን ነበር። አሁን ግን የአባቷም የሷም ሕይወት እሷ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሊባኖስ ከጎን ሆኖ ሰዓት እያየ፣ እናቷ ስኒውን ይዘው እጃቸው እየደከመ። ሚስኪ ቀጥሎ የሰማችው ድምፅ የራሷ ሳይሆን የሌላ ሰው መሰላት።

«እጁን እንደዘረጋ አታስቀረው፣ ሐሩን።»

ሐሩን ጎንበስ አለ።

እልልታው፣ ጭብጨባው፣ ፉጨቱ። ሼህ ሱልጣን እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያዙ፤ ጋሽ ደቻሳ በኦሮምኛ መረቁ። ሐሩን ግን ቀና አላለም፤ ግንባሩን ጋሽ አብዱልሰላም እጅ ላይ እንዳስደገፈ አለቀሰ። ሚስኪ ገብቷታል። ግማሹ እንባ የእውነት ለአባት ነበር፤ ከልጅነቱ ጀምሮ አባቴ የሚለው ሰው የሌለው ልጅ ነው። ግማሹ ደሞ የሷ ነው። በየትኛው እንደምትቀና፣ በየትኛው እንደምታዝን አላወቀችም።

«እህትህንስ?» አሉ እትዬ ሐቢባ በደስታ ሰክረው። ስኒውን ለጋሽ ደቻሳ አቀበሉና የሐሩንን እጅ በአንድ እጃቸው፣ የልጃቸውን እጅ በሌላው ይዘው አገናኙዋቸው። ዓመት ሙሉ ያልተነካካ እጅ። እናቷ ራሳቸው፣ በምርቃት፣ በሰው ሁሉ ፊት። ማር ነክቶት ስለነበር ተጣበቀ። ሚስኪ ማይኩን የያዘውን እጇን ወደ ፊቷ አንስታ ተሸፈነች፤ ሰው ግን በደስታ ነው የምታለቅሰው ብሎ የበለጠ አጨበጨበ።

ፎቶ መነሳቱ ሲጀመር ከአዳራሹ ጀርባ ውሃ ማጠራቀሚያው ጋ ሄዳ ተደበቀች። አለም ተከትላት መጥታ ሻርፗን አስተካከለችላት። ቆይቶ ሐሩን መጣ። አለም ጥቂት ራቅ ብላ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች።

ሐሩን አስቦበት ነው የመጣው፣ ያስታውቃል። ማር እኮ ወተት አይደለም አላት፤ በሃይማኖታችን ሕፃን ሆኖ ጡት ያልጠባ ሰው ወንድም አይሆንም፣ ሼሁም ይሄን ያውቃሉ፣ ጠይቂያቸው። ሚስኪ ይሄን እሷም ስቴጅ ላይ ሆና አስባዋለች።

«ለሃይማኖቱ ምንም አይደለም» አለችው። «ለአባዬ ግን ሁሉ ነገሩ ነው። አሁን ውስጥ ገብተህ እየው፤ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ልጄ ልጄ እያለ ነው። የሚመጣው ዓመት እናትህን ይዘህ ብትመጣ ምን ይበል? ልጄ ልጄን ሊያገባ ሽማግሌ ላከ ይበል?»

«እውነቱን አስቀድመን ብንነግረው ኖሮስ?»

ሚስኪ በልቧ ወደ ኋላ ሄደች። እውነቱን ቢነግሯቸው ኖሮ ለሚ ኩራ አይሄዱም ነበር፣ ለሚ ኩራ ባይሄዱ ምንም ቃል አይገባላትም ነበር። ከየትኛውም ጫፍ ብትጀምር የሚያደርሳት እዚሁ ነው። ሐሩን ይቅርታ አድርጊልኝ አላት። ለምኑ ብላ ልትጠይቀው ፈለገችና ተወችው፤ እሱም ለምኑ እንደሆነ የሚያውቅ አይመስልም ነበር። ተያዩ። ከዛ በፊት ሲተያዩ ሁልጊዜ አንድ የሚደብቁት ነገር ስለነበር ደስ ይል ነበር፤ አሁንም የሚደብቁት ነገር አለ፣ ግን ከዚህ በኋላ የሚጠብቁት ነገር አልነበረም ውስጡ።

ጋሽ አብዱልሰላም ከበሩ ሆነው «ልጆች» ብለው ተጣሩ። ልጆች። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ዞሩ።

መኪናቸው አሮጌ ቪትዝ ናት። እስከዛሬ ሐሩን ፊት ከጋሽ አብዱልሰላም ጎን ነበር የሚቀመጠው፣ ሴቶቹ ከኋላ። ዛሬ እትዬ ሐቢባ የፊቱን በር ከፍተው ገቡ፤ ጉልበቴን ያመኛል፣ አንተ ከኋላ ከእህትህ ጋር ሁን ብለው። ሚስኪ ዓመቱን ሙሉ ይሄን ወንበር ስንቴ እንደተመኘችው ብታውቁ። በቦርሳዋ መሃላቸውን ከለለችው፤ ማንም ከልዪው ሳይላት።

የቦሌ መንገድ ተጨናንቆ ነበር። ጋሽ አብዱልሰላም ወሬያቸው አላልቅ አለ። ሐሩን በሦስተኛው ቀን ይሄዳል፣ ግን አሁን ቤት አለው፣ ለረመዳን ይመጣል፣ ለሱቁም ከዛንዚባር ጨርቅ ያፈላልጋል። ደሞ አሉ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያዩ፣ አንድ ቀን ለሚስኪ ሽማግሌ ሲመጣ ለብቻዬ አልወስንም፤ ስልክ ደውዬ ወንድሟን ሳልጠይቅ አንድም ሰው እሺ አልልም።

«በይ ጠይቂው እስቲ» አሏት። «ለእህቱ ምን አይነት ባል ነው የሚፈልገው?»

ሚስኪ አፏን ከፈተች። ትርጉሙ አልወጣ አላት። ቃላቱ ቀላል ናቸው፣ ሕፃን ልጅ ይተረጉማቸዋል፤ አልወጣ አላት። እናቷ ምን ነካሽ ብለው ዞር አሉ።

ሐሩን ግን አልጠበቃትም። ዓመት ሙሉ ከለቃቀማት ትንሽ አማርኛ፣ ጥያቄው ገብቶታል። በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ፣ በራሱ አማርኛ፣ አንድ አንድ ቃል እየፈለገ መለሰ።

«ቅርብ» አለ። «ቅርብ… ያለ ሰው።»

ጋሽ አብዱልሰላም መሪውን በመዳፋቸው መቱት። ሰማሽ፣ ሐቢባ? ወንድም ማለት እንዲህ ነው፤ ሩቅ አገር አንሰጣትም እያለ እኮ ነው አሉ። እትዬ ሐቢባ አላህ ያቆይልኝ ብለው ሳቁ፤ ከፊት ያለው ታክሲ እስኪንቀሳቀስ ሁለቱም ሳቁ።

ሚስኪም ሳቀች። ቤተሰቡ ሁሉ እየሳቀ ስለነበር።